ታክሲ በር

ሐሚዳ ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር ባልዲ፣ ሳፋና ጆግ ስትሸጥ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ደንበኛ ዕቃዋን ሲያጣጥልባት አትቆጣም፤ ባልዲውን ገልበጥ አድርጋ ቂጡን በመዳፏ ትመታና "ድምፁን ስማው እስቲ፤ ይኼ ይሰነጠቃል?" ትላለች። አንዳንዱ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ያለ ክርክር ሌላ ትሰጥና የተሰነጠቀውን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ምን ልታደርገው እንደሆነ ልጇ ራሕማ ብትጠይቃት "ይቀመጥ ብቻ" ትላለች። ዕቃ መጣል አይሆንላትም፤ አመሏ ነው።

ቤቷ ከጉርድ ሾላ ወደ ሰሚት ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ኮብልስቶን የተነጠፈባት ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነው። አጥሩ ላይ የቤት ቁጥር ተለጥፏል፤ ግን በዚህ ከተማ የቤት ቁጥር ለወግ ያህል እንጂ ማን ያየዋል? ሰው ቤት የሚያገኘው "ወፍጮ ቤቱን እለፍና ቢጫውን ፎቅ ስታይ ወደ ግራ ታጠፍ" ተብሎ ነው። የሐሚዳ ቤት ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነበር። "ታክሲ በር የት ነው?" ማለት ይበቃል። ሊስትሮውም ባለሱቁም በአገጩ ያሳያል።

ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ በሩን የቀባው ግን ባሏ ሃይደር። ሃይደር ከሐይቅ ከተማ መጥቶ ዕድሜውን በሚኒባስ መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነበር። አንድ ዓመት መኪናውን ሲያስቀባ ቀለም ተረፈውና የግቢውን የላሜራ በር ውስጥም ውጭም ልክ እንደ ታክሲው ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ አድርጎ ቀባው። ሐሚዳ ያን ቀን "እንግዲህ ረዳት ቅጠርለትና 'ሰሚት ሰሚት' ይበልበት" ብላ አሾፈችበት። እሱ ግን ወደደው። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ በወጣ ቁጥር ያድሰው ነበር። ባለመኪና በሰፈሩ ጥቂት በነበረበት ዘመን፣ ምጥ የያዛት ሴት ወይም ትኩሳት የጣለው ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ የሚያንኳኳው ያንን በር ነው። ጎረቤቷ ሶሬቲ እንኳን ዲናን ልትወልድ ሐኪም ቤት የደረሰችው በሃይደር ታክሲ ነው። ሂሳብ ሊከፍሉት ሲሉ "ዛሬ ታሪፍ የለም" ብሎ ማርሽ ያስገባል።

ሃይደር ከሞተ በኋላ ቀለሙን እየገዛች በሩን የምታድሰው ሐሚዳ ራሷ ሆነች። ሰማያዊውን ስትቀባ ታወራዋለች፤ ነጩ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። በሩ ግን አርጅቶ ነበር። ዝገቱ ከሥር እየገፋ ቀለሙን ያነሳዋል፤ የታችኛው ጠርዝም ተበልቶ የጎረቤት ድመት የሚያሾልክ ሆኗል።

ራሕማ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ አንድ ቢሮ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። እዚያው ሰፈር ያደገ ሱፍያን የሚባል ጨዋ ልጅ ወዷት፣ ወዳው፣ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረዋል። አንድ ቀን እናትና ልጅ በታክሲ በሩዋንዳ በኩል ሲያልፉ ራሕማ በመስኮቱ አሳየቻት፤ "ያ ነው የነሱፍያን ቤት" አለች። አጥሩ ጥርብ ድንጋይ ነው። ቦገንቪሊያው ከላይ ተንዠርግጓል። በሩ ጥቁር ብረት ሆኖ በላዩ ፊት የሚያሳይ ቀለም ተቀብቷል። ሐሚዳ "ማሻአላህ" አለች፤ ቤቱ እስኪርቅም አንገቷን አዙራ አየችው።

ያን ቀን የራሷን በር በእንግዳ ዓይን አየችው። ዝገቱን አየች፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የተደፈነውን ቦይ አየች፣ በቦዩ ላይ የተጋደመችውን የምትወዛወዝ ጣውላ አየች። ያፈረችው በድህነቷ አልነበረም፤ ሠርቶ አደር መሆን አሳፍሯት አያውቅም። የፈራችው ሌላ ነው። ልጅቷ አባት የላትም። ሽማግሎቹ ገና ደጃፉ ላይ ቆመው "ወንድ የሌለበት ቤት ነው፣ ያስታውቃል" እንዳይሉ፣ ራሕማ ገና ሳትገባ እንዳትቀልባቸው ፈራች። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፤ የሽማግሌ ዓይን ደግሞ መጀመሪያ የሚያርፈው በር ላይ ነው።

"ቤቱን ያገኙታል?" ብላ ራሕማን ጠየቀቻት።

"ለሱፍያን ሎኬሽን ልኬለታለሁ። ሽማግሎቹ ግን በስልክ አይሄዱም አለኝ፤ ታክሲ በር ብላችሁ ጠይቁ ብሏቸዋል።"

"ጥሩ ነው፤" አለች ሐሚዳ። ይህን በገዛ ጆሮዋ ሰምታ ነው እንግዲህ ያንን ያደረገችው።

በማግስቱ ሱቋን በጊዜ ዘጋችና ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከቦዩ ጀመረች። ጠርሙሱን አውጥታ፣ ጭቃውን በአካፋ ጠርጋ ውሃው እንዲሄድ አደረገች። ጣውላዋን አንስታ በቦታዋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ልታጋድም ስትታገል፣ የሶሬቲ ባል ዋቅቶላ ከሥራ ሲመለስ አገኛትና ቦርሳውን አስቀምጦ አገዛት። ዋቅቶላ የወለጋ ሰው ነው፤ የሕንፃ መሐንዲስ። ቦሌ ውስጥ የስንቱን ፎቅ ሥራ ተቆጣጥሯል፤ የራሱ በር ግን ከተገጠመ ጀምሮ ቀለም ነክቶት የማያውቅ ባዶ ላሜራ ነው። ሶሬቲ ስለዚህ ነገር መናገር ከሰለቻት ቆይቷል። በሃይማኖት ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ከሐሚዳ ጋር ሥጋ አይበላሉም እንጂ ሌላው ሁሉ የጋራ ነው። በረመዳን ሶሬቲ ቴምር ትልካለች፤ በገና የዲናን አዲስ ጫማ የምትገዛው ሐሚዳ ናት።

"የዲና አባት፣ እናንተ ፎቅ ስታሠሩ መጀመሪያ የምታሳምሩት ምኑን ነው?" አለችው ድንጋዩን እያደላደለች።

"መሠረቱን።"

"እኔ ከመሠረቱ ጀምሬያለሁ በለኛ።"

"አንቺማ ከቦይ ነው የጀመርሽው፤ ይሄን ቢሮዬ ሄጄ አስተምራለሁ።"

የቆርቆሮ አጥሩን በሳሙና አጠበችው፤ ከሥሩ ብር የመሰለ ቆርቆሮ ወጣ። በበሩ አናት ላይ አምፖል አስገጠመች። ከዚያ የተሰነጠቁት ባልዲዎች ተራቸው ደረሰ። የተሰነጠቀ ባልዲ ውሃ አይቋጥርም፤ አበባ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው። መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ጽጌረዳና እሬት ገዛች፣ ጤና አዳም ከሶሬቲ ጓሮ ነቀለች፤ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ቢጫውን ባልዲ በአፈር ሞልታ በአጥሩ ሥር ደረደረችው። ራሕማ ከቢሮ ስትመለስ ቆማ አየችና "እማ፣ ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት ለዚህ ነው የምትሰበስቢው" ብላ አቀፈቻት። ሐሚዳም አስባበት እንደኖረች ሰው ራሷን ነቀነቀች።

የቀረው በሩ ነበር። በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ፈገፈገች፣ የተበላውን ጠርዝ ቁራጭ ላሜራ አስበየደች፣ ዝገት የሚከላከል አንቲረስት ቀባች። ከዚያ የደላው ሰው በር የሚያስመስል ቡናማ ሲንቴቲክ ቀለም ገዝታ መጣች። ራሕማ የቀለሙ ቆርቆሮ ሲከፈት ጎንበስ ብላ አየችና፣

"የአባዬ ቀለምስ?" አለች።

"አባትሽም ቢኖር ዛሬ ይቀይረው ነበር።"

ይህ እውነት አልነበረም፤ ሁለቱም ያውቁታል። ሐሚዳ ቶሎ ቶሎ ቀባች። ቡናማው ለውጩ ብቻ በቃና ውስጡ እንዳለ ቀረ። "ውስጡን ማን ያየዋል፤ ሽማግሌ የሚያየው ፊቱን ነው" ብላ ቡርሿን በቲነር አጠበች። ካለፈው ክረምት የተረፉት የሰማያዊና የነጭ ቀለም ቆርቆሮዎች ጓዳ ተቀምጠዋል። መጣል አይሆንላትም ብለናል። ለሶሬቲ ሰጠቻት፤ "ያንን ራቁቱን የቆመ በራችሁን ልብስ አልብሱት" አለቻት።

ቅዳሜ ከሱቅ ስትመለስ ከሩቅ ሰማያዊና ነጭ አየች። እግሯ ለአፍታ ቆመ። የነዋቅቶላ በር ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ ሆኗል፤ መሐንዲሱ ቡርሽ ይዞ ከፊቱ ቆሟል፤ ቀለሙ እስከ ክርኑ ደርሷል።

"ሰፈሩ ምልክቱን እንዳያጣ ብዬ ነው፤" አለ ዋቅቶላ፣ ልጅ የተሳሳተ ነገር ሠርቶ ሲያዝ እንደሚያደርገው ዓይኑን ሰበር አድርጎ። "ሃይደር የቀባው ነገር ዝም ብሎ ሲጠፋ ደስ አላለኝም።"

"ያምራል፤" አለች ሐሚዳ። "ነጩ ወደ ሰማያዊው ፈሶብሃል እንጂ ያምራል።" እንባዋ ስለመጣ ቶሎ ገባች። ከሁለቱ አንዳቸውም፣ ያ የተማረ ሰው እንኳን፣ ነገ የሚመጡትን ሽማግሌዎች አላሰበም።

እሑድ ጠዋት የመጀመሪያው መዓት በስልክ መጣ። ሽማግሎቹን ተቀብሎ መልስ ይሰጣል የተባለው የሃይደር ታላቅ ወንድም ከኮምቦልቻ በሌሊት ተነስቶ ነበር፤ አውቶቡሱ ደብረ ሲና ላይ ተበላሽቶባቸዋል። "መካኒክ እየጠበቅን ነው፤ አብሽሪ፣ እደርሳለሁ" አላት። ከደብረ ሲና ለቀትሩ ቀጠሮ እንደማይደረስ ለሹፌር ሚስት አይነገራትም። ሐሚዳ ስልኩን ዘግታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሴት ብቻ ያለችበት ቤት ሽማግሌ ሊመጣ ነው። የፈራችው ነገር በሩን ስታሳምር በጓሮ ዞሮ ገባባት።

ቀትር ሆነ፤ የመጣ የለም። ራሕማ ለሱፍያን ደወለች፤ "ከወጡ ቆይተዋል እኮ፣ ደርሰዋል ብዬ ነው" አለ። ሐሚዳ ለመውጣት አፈረች፤ የሴት እናት ደጅ ቆማ ሽማግሌ አትጠብቅም። ቁጭ ብላ ክፉ ክፉውን አሰበች። መጥተዋል፣ ቅያሱን አይተዋል፣ የቆርቆሮ አጥሩን አይተዋል፣ ተመልሰዋል። ይህን ለልጇ ሳትነግራት ትራሶቹን አስተካከለች፣ ደግማ አስተካከለች።

በዚህ ጊዜ ሽማግሎቹ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ነበሩ። ሶሬቲ ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ስታወራ ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ዋቅቶላ ኮቱን አውልቆ ገና ሲቀመጥ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ከዘራ የያዙ ሐጂ ሙነወር የሚባሉ ትልቅ ሰው፣ ከኋላቸው ሌሎች ሽማግሎች ቆመዋል።

"ታክሲ በር ይኼ ነው?" አሉ ሐጂ።

"ነው፤ ግቡ፣ ግቡ።" ውሸት አይደለም፤ ከትናንት ጀምሮ ነው። እንግዳን ደግሞ ደጅ አቁሞ "ማን ልበል?" ማለት ነውር ነው። አስገባቸው። ወንበር ሲያቀርብላቸው ግን አልተቀመጡም። የሽማግሌ ወግ ነው፤ ጉዳይ ሳይነገር መቀመጥ የለም።

"ቆመን ነው የምንለምነው፤" አሉ ሐጂ ሙነወር ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል።"

ዲና በዚሁ ቅጽበት የታሸገ ውሃ በትሪ ይዛ ገባች። ዋቅቶላ ዲናን አየ። ሶሬቲም ዲናን አየች። ዲና ትሪውን አየች።

"ክብር ነው፣ አባቴ፤" አለ ዋቅቶላ ቀስ ብሎ። "ግን የኔ ልጅ ገና አሥረኛ ክፍል ናት።"

ሐጂ ሙነወር ዓይናቸውን ሲያነሱ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ጋር ተፋጠጡ። "ይቅር በለን፣ ልጄ፤" አሉ። "ይኼ የሃይደር ቤት አይደለም እንዴ?"

ሶሬቲ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ሮጠች። ዋቅቶላ ግን አልሳቀም። ያወለቀውን ኮት መልሶ ለበሰና "ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሃይደር ቤት ከጎን ነው፣ እኔ አደርሳችኋለሁ" አላቸው።

ሐሚዳ በሯ ሲንኳኳ ትራሶቹን ትታ ወደ በሩ ሄደች። ከውስጥ ሆና "ይሄን ደጋግመን አልፈነዋል፤ የሌላ ሰው ቤት መስሎን" የሚል የሽማግሌ ድምፅ ሰማች፤ የዋቅቶላንም ድምፅ ሰማች። ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። ምልክቱን ራሷ አጥፍታዋለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ለእሷ ነው። በሐፍረት እየተቃጠለች መዝጊያውን ወደ ውጭ ገፋችው።

በሩ ሲከፈት ውስጠኛው ፊቱ ወደ ብርሃን ዞረ፤ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ። ሐጂ ሙነወር ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ቆም አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ቀለሙን ነኩት።

"ምነው ወደ ውስጥ ደበቃችሁት?" አሉ።

"አርጅቶ ነበር፣ ሐጂ፤ ለእናንተ ክብር ብዬ ነው፤" አለች ሐሚዳ መሬት መሬት እያየች። "አፍሬበት።"

"አንቺ ልጅ፣ እኛ ከመምጣታችን በፊት ወጉ ነውና ስለ ቤተሰባችሁ ታክሲ ተራ ሄደን ጠይቀናል። ያናገርነው ሹፌር ሁሉ 'የታክሲ በር ልጅ ከሆነች ምን ትጠይቃላችሁ፣ ሂዱ እንጂ' ነው ያለን። አንዱ ሚስቱን፣ አንዱ እናቱን ሃይደር እንዳደረሰለት ነገረን። እኛን እዚህ ያመጣን ይሄ በር ነው።" ከዚያም ባልዲዎቹን ዞር ብለው አዩና "አበባው ግን ያምራል፤ ይሄን ይጨምርላችሁ" አሉ።

ሐሚዳ ያፈረችበት ነገር ልጇን ያስከበራት ነው። አንድ ቀን ያሾፈችበት ቀለም ለሞተው ሰው ሲናገርለት ኖሯል፤ እሷ ልታጠፋው ስትል ደግሞ ጎረቤቷ ከመሬት አንስቶ አኑሮታል። አልሐምዱሊላህ አለች በሆዷ፤ ውስጡን ለመቀባት ያልበቃውን ቀለምም አመሰገነች።

ሳሎን ገብተው ሽማግሎቹ እንደገና ቆሙ። ሐጂ ሙነወር ዙሪያቸውን አዩና በወጉ መሠረት ጠየቁ፤

"የልጅቷ ወገን ማን ነው? ለማን እንናገር?"

ሐሚዳ ሳምንቱን ሙሉ የፈራችው ጥያቄ ይኼ ነበር። ቀለምም አበባም የማይመልሰው። በሩን በሩን አየች። ራሕማ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆና ታዳምጣለች።

ዋቅቶላ እስከዚያ ድረስ ከእንግዶቹ ጋር በበሩ በኩል ቆሞ ነበር። ክፍሉን አቋርጦ ሄደና ከሐሚዳ ጎን፣ ከሽማግሎቹ ፊት ለፊት ቆመ።

"ለእኔ ተናገሩ፤" አለ። "ወንድሙ መንገድ ላይ ነው፤ ሲደርስ ይሰማል። እስከዚያ የሃይደር ወገን እኔ ነኝ። የኔን ልጅ ገና በእናቷ ሆድ እያለች ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። የሱን ልጅ እኔ ቆሜ ካልተቀበልኩላት፣ ምን ሰው ነኝ።"

ሐጂ ሙነወር ልመናቸውን ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ምንም ሳይዘሉ፣ ለዋቅቶላ ነገሩት። ዋቅቶላም ፊቱን ኮስተር አድርጎ አዳመጠ። ሐሚዳ እሺ እንዲል በልቧ ትማጸናለች፤ እሱ ግን "ሰምተናል። ዘመድ እናማክራለን፣ ልጅቷንም እንጠይቃለን፤ ቀን እንቆርጥላችኋለን" ብሎ ቁጭ። ሐሚዳ ልትቆነጥጠው ምንም አልቀራትም።

ሐጂ ሙነወር ፈገግ አሉ። "የአባት መልስ እንዲህ ነው፤" ብለው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ተቀመጡ።

የሃይደር ወንድም አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሶ ሲደርስ፣ ሶሬቲ የሽማግሎቹን መምጣት ለሰፈሩ ሁሉ ነግራ ጨርሳ ነበር። ሰውየው ነገሩን ሰምቶ ዋቅቶላን አቀፈው፤ "መልሱን እኔ ብሰጥ ከዚህ አላሳምረውም" አለው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ ሐሚዳ ግን ያን ቀን ሁለቱንም አግኝታ ነበርና ለመምረጥ አልተገደደችም። ደብረ ሲና ላይ የቆመውን አውቶቡስ እንኳን ጠዋት የረገመችውን ያህል ማታ መረቀችው። አላህ ሳይደግስ አይጣላም።

ቡናማው ቀለም እስከ ዛሬ አለ። ደኅና ቀለም ነው፤ መጣል አይሆንላትም። ቀኑ ተቆርጦ ራሕማ የሠርጉን ጥሪ ወረቀት ልታሠራ ስትቀመጥ፣ የቤቱ አድራሻ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አቆመች።

"እማ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ታክሲ በር ካልን እኮ እነ ዲና ቤት ነው የሚገቡት።"

ሐሚዳ በራፉ ላይ ቀዩን ባልዲ ውሃ እያጠጣች ነበር። ቀና ብላ በሩን አየችው፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰማያዊና ነጩ ወደ ቅያሱ ያያል። ከአጥሩ ወዲያ የዋቅቶላ ድምፅ ይሰማል፤ ዲናን ፊዚክስ ያስጠናል።

"ታክሲ በር ብለሽ ጻፊ፤" አለች። "እነሱ ቤት የገባ ሁሉ እኛ ቤት ገብቷል።"